ላይብረሪያን ሆኜ «አሳይመንት አላስገባህም» ተባልኩ

ዛሬ ሳልናገር ባድር ሆዴ ይፈነዳል። አንብባችሁ ብትስቁብኝም ችግር የለም።

ጎንደር ካሉት ግቢዎች በአንዱ ላይብረሪ ነው የምሰራው፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። ትናንት ማታ ሶስት ሰዓት አካባቢ ልዘጋ ቁልፍ ይዤ እንደቆምኩ አንዲት የጤና ተማሪ እያለከለከች መጣች። «ጋሼ በናትህ አንዴ ይሄን እይልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ፣ ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው 4 ፐርሰንት። ለፕሮፖዛሏ የፈለገችው አርቲክል ፊቷ ተዘርግቶ ከስሩ 35 ዶላር ክፈይ ይላታል። አሜሪካ ያለች አክስቷን ክፈይልኝ ልትላት ነበር እኮ! እኔ ኮምፒውተሩን መልሼ ከፍቼ ሂናሪ በሚባለው የጤና ጆርናሎች መግቢያ ገባሁ፣ ጆርናሉን ፈለኩት፣ ፒዲኤፉ ወረደ፣ አለቀ። ልጅቷ ዝም ብላ አየችኝና «ይሄ ነገር ድሮም ነበር?» አለችኝ።

ድሮም ነበር ወይ! ሂናሪን የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር የጀመረው በፈረንጆቹ 2002 ነው፣ ያኔ እሷ ብትወለድም ገና ዳዴ ትል ይሆናል። አገራችን ደግሞ በነጻ ከሚጠቀሙት ውስጥ ናት፣ ሰባራ ሳንቲም አንከፍልም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይሄን አይተው መሆን አለበት።

«አንተስ ምን ስትሰራ ነበር» እንዳትሉኝ። ሰርቻለሁ። ለየዲፓርትመንቱ የሪሰርች መምሪያ አዘጋጅቻለሁ፣ ውጭ አገር ሊብጋይድ የሚሉት አይነት። እውነተኛውን ሊብጋይድስ ስፕሪንግሼር የሚባል ድርጅት ነው ከ2007 ጀምሮ የሚሸጠው፣ በዶላር ስለሆነ እሱን ተውት። የኔው በተራ ገጽ የተሰራ ነው፣ ለጤና ተማሪ የት ይፈልግ፣ ለግብርናው አጎራ ላይ (የግብርናው ሂናሪ በሉት) እንዴት ይግባ፣ ቁልፍ ቃል እንዴት ይመረጣል፣ ሪፈረንስ ዞቴሮ በሚባለው ፕሮግራም እንዴት ይያዛል፣ ሁሉም አለ። በፓኬጅ ለሚከፍት ልጅ እንዳይከብደው ብዬ ፎቶ እንኳን አላስገባሁበትም።

እና የት ነው ያለው? የላይብረሪው ዌብሳይት ላይ፣ «ሰርቪስ» የሚለውን ስትነኩ፣ ከዛ «ሌሎች» የሚለውን ስትነኩ፣ ከዛ ወደ ታች ወደ ታች ስትወርዱ። ከኔ ሌላ እዛ የደረሰ ካለ ቡና በኔ ነው።

የጎንደር ሰው ይገባዋል፣ ፋሲል ግንብ ፒያሳ አፍንጫ ስር ስለሆነ ማኪያቶ ሊጠጣ የወጣውም ሳያስበው ያየዋል፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግን ዳገት ነው፣ አስቦ የተነሳ ብቻ ነው የሚደርሰው። የኔ መምሪያ ቁስቋም ላይ ነው ያለው። ተማሪው ያለው ፒያሳ ነው፣ ፒያሳ ማለት ሙድል፣ የግቢው የኦንላይን መማሪያ ሲስተም። ስላይዱን የሚያወርደው እዛ፣ ኩዊዝ የሚሰራው እዛ፣ አሳይመንት የሚያስገባው እዛ። «5 አርቲክል ጠቅሳችሁ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ እኮ እዛው ነው የተለጠፈው! አርቲክሉ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር አንድ መስመር ከስሩ ቢኖር ምን ነበረበት?

እኔም ይሄንኑ ብዬ ነው የሄድኩት። አይሲቲ ሄድኩ፣ «በደብዳቤ ጠይቁ»። ደብዳቤ ጻፍን፣ ማህተም፣ መዝገብ ቤት፣ ሶስት ሳምንት። መልሱ ምን ሆነ፣ «ኮርሱ የዲፓርትመንቱ ስለሆነ ዲፓርትመንቱ ይፍቀድ»። ዲፓርትመንት ሄድኩ፣ ኃላፊው ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ «ኮርሱ የመምህሩ ነው፣ እኔ ጣልቃ አልገባም» አሉኝ። መምህሩ ጋ ስሄድ ደግሞ «ወንድሜ ፓስዎርዱን ከረሳሁት ቆየሁ፣ እኔ ሃንድአውት የምለቀው ቴሌግራም ላይ ነው» ብሎኝ እርፍ።

ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው እንዳልል የሂናሪ ፓስዎርድ አደባባይ ላይ አይለጠፍም፣ ክልክል ነው፣ ከተደረሰበት የግቢው አካውንት ይዘጋና ሁላችንም አጉል እንቀራለን። ለዛ እኮ ነው ሙድል የተመረጠው! መግቢያ ስላለው የግቢው ተማሪ ብቻ ነው የሚያየው። ይሄን ለስንቱ አስረዳሁ መሰላችሁ፣ ሁሉም «ሃሳቡ ጥሩ ነው» ይለኛል። ይቺን «ሃሳቡ ጥሩ ነው» የምትባል ነገር ስጠላት!

በመጨረሻ አይሲቲ ያለ አንድ ልጅ አዘነልኝና ሲስተሙ ውስጥ ሊያስገባኝ ሞከረ። ሙድል ላይ መምህር አለ፣ ተማሪ አለ፣ ማናጀር አለ፣ እንግዳ ሳይቀር አለ፣ ላይብረሪያን የሚባል ግን ተዘጋጅቶ አልመጣም። አዲስ ሮል መፍጠር ይቻላል፣ አድሚኑ ቁጭ ብሎ ፈቃዶቹን ይመርጥና ይሰራዋል፣ ግን «ያለ ቃለ ጉባኤ አይሆንም» ተባለና ልጁ ለጊዜው ብሎ ተማሪ አድርጎ መዘገበኝ። ተማሪ ደግሞ ኮርሱ ገጽ ላይ ማቴሪያል መለጠፍ አይችልም። ይባስ ብሎ በሳምንቱ ስገባ ገጼ ላይ ቀይ በቀይ ሆኗል፣ አሳይመንት 1 ጊዜው አልፏል፣ ኩዊዝ 1 አልተሰራም። ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ አንብባ «አንተ ትምህርት ጀምረህ ሳትነግረኝ ነው?» አለችኝ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ እኮ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ!

እውነት ለመናገር አንዲት መምህርት ተባብራኛለች። ኮርሷ ላይ የመምህር መብት ሰጠችኝ ማለት ይቻላል፣ ኤዲት ማድረጊያው ተከፈተልኝና መምሪያውን አስገባሁ። ሊንክ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጽሁፉን እንደ ገጽ ነው የለጠፍኩት፣ ምክንያቱም በሙድል አፕ አስቀድሞ ከወረደ ያለ ኔትወርክም ይነበባል፣ ደባርቅ ወጣ ብሎ ዳታ የሚሰበስበው ልጅ ይጠቅመዋል። ያን ሴሚስተር የዛ ኮርስ ተማሪዎች ጥያቄያቸው ራሱ ተቀየረ፣ «አርቲክል ስጠን» ቀረና «ይሄ ሰርች 4,000 ውጤት አመጣብኝ፣ እንዴት ላጥበው» ብለው መምጣት ጀመሩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዛ ሴሚስተሩ አለቀ፣ ኮርሱ እንደ አዲስ ባዶውን ተከፈተ፣ መምሪያዬ ከአሮጌው ጋር ሄደ። ያልጠፉት ጥቂት ሊንኮችም ዌብሳይቱ አድራሻ ሲቀይር «ገጹ አልተገኘም» ሆነው አረፉት።

ሌላው ዓለም ይሄን ጨርሶታል። ኤልቲአይ የሚባል፣ እንደ ሙድል ያለውን ከሌላ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ ስታንዳርድ ከ2010 ጀምሮ አለ፣ ሙድል የኮርሱን ኮድ ለላይብረሪው ሲስተም ያቀብላል፣ ያኛው ደግሞ የዛን ኮርስ መምሪያ መርጦ ያወጣለታል፣ ሴሚስተር ሲቀየር ማንም አይነካካውም። እሺ እሱ ይቅርብን፣ አድሚኑ ሁሉም ገጽ ላይ የሚታይ አንዲት ሳጥን ጎን ላይ ቢያስቀምጥልኝስ? አስር ደቂቃ ነው! ለዚህም ደብዳቤ ጻፍን፣ «ኮሚቴ ይየው» ተብሎ ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም።

ጎንደር ውስጥ የምታስተምሩና ኮርሳችሁ ላይ ኤዲት ማድረግ የምትችሉ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። አዘዞም ቢሆን በባጃጅ እመጣለሁ፣ ሂሳቡን ራሴ እከፍላለሁ። ከማክሰኞ በፊት ግን ይሁን፣ ማክሰኞ ኩዊዝ 2 አለብኝ።