እርማት፦ ዲትሮይትን የጣላት ኮከቧ አይደለም

«ኳሱን ለአንድ ኮከብ ተቀባይ የሚያበዛ ቡድን ማጥቃቱ ይዳከማል፤ ዲትሮይት ላየንስ ምስክር ነው» ብለህ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ለተናገርከው ወንድሜ፣ ምስክርህ አይመሰክርልህም። እውነት ነው፣ በ2012 የላየንስ ተቀባይ (የተወረወረ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች) ካልቪን ጆንሰን በያዛቸው ኳሶች 1,964 ያርድ (አንድ ያርድ 0.9 ሜትር ገደማ ነው) አስመዝግቦ የኤንኤፍኤልን፣ ማለትም የአሜሪካን ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግን፣ የአንድ የውድድር ዓመት ክብረ ወሰን ሲሰብር ቡድኑ 4 ጊዜ አሸንፎ 12 ጊዜ ተሸንፏል። ነገር ግን ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ማቲው ስታፎርድ በዚያው ዓመት በውርወራዎቹ 4,967 ያርድ አስመዝግቧል። ኳሱ ወደፊት መሄዱን መቼ አቆመ? ሽንፈቱን ለተቀባዩ ማሸከም ግፍ ነው!

ያው ስታፎርድ በ2021 ሎስ አንጀለስ ራምስ ገባ። እዚያም ተቀባዩ ኩፐር ከፕ በ145 የተያዙ ኳሶች፣ በ1,947 ያርድና በ16 ታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ ሜዳ መጨረሻ ክልል ውስጥ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) ሊጉን በሦስቱም መራ። አሠልጣኝ ሾን ማክቬይ ግን አንድ ቦታ አላቆመውም፤ ከዳር ሳይሆን ወደ መሀል ቀረብ አድርጎ ያሰልፈው፣ እያንዳንዱ ሙከራ ከመጀመሩ በፊትም ያንቀሳቅሰው ነበር። ልዩነቱ ኮከቡ ላይ ሳይሆን አጠቃቀሙ ላይ ነው።

በዚያው የውድድር ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውሉ፣ ሌላው የራምስ ተቀባይ ኦዴል ቤካም ተጎድቶ ሲወጣ ለተጋጣሚው ሲንሲናቲ ቤንግልስ ዋናው ስጋት ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ሆኖም ከፕ በመጨረሻው ማጥቃት፣ ካልተሳካ ኳሱ ለተጋጣሚ በሚያልፍበት አራተኛው ሙከራ ኳሱን ይዞ ሮጠ፤ ደጋግሞ ተቀበለ፤ 1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሲቀረው ታችዳውን አስቆጠረ። ራምስ 23 ለ 20 አሸነፈ።