ይህ እሽቅድምድም ነው ወይስ የሙሽራ አጀብ?

ድሬዳዋ ውስጥ ፎርሙላ ዋን መውደድ እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ የሚታወቀው እሁድ በ10 ሰዓት ነው። የአውሮፓዎቹ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በዚያ ሰዓት ነው፤ የእንግሊዝ ኳስም እንዲሁ። ከዚራ ሰፈር ዲኤስቲቪ ያለው ቤት ገብታችሁ «እባክህ ወደ መኪናው ቀይርልኝ» በሉና የሚደርስባችሁን እዩ። እኔ ለምኜ፣ ተገላምጬ፣ በዚያ ሙቀት ሁለተኛ ሻይ አዝዤ አስቀይራለሁ። ከዚያ የሚታየው ምንድን ነው? መኪና ሁሉ ተሰልፎ ሲዞር! የሙሽራ አጀብ እንኳን ይቀዳደማል፤ ጥሩንባም አለው።

«ሰዉ ስለማይገባው ነው» የሚሉኝ ያናድዱኛል። በደንብ ገብቶታል! እ.ኤ.አ. በ2024 ሞናኮ ላይ ገና በመጀመሪያው ዙር መኪኖች ተጋጩና ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆመ። ደንቡ በዚህ ጊዜ ጎማ መቀየርን ስለሚፈቅድ ሁሉም በውድድሩ ጎማ የመቀየር ግዴታቸውን እዚያው ተገላገሉ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ዙር ሁሉ ጎማ እየቆጠቡ ተንቀራፈፉ። የመጀመሪያዎቹ 10 አሽከርካሪዎች በተነሱበት ቅደም ተከተል ገቡ፤ በፎርሙላ ዋን ታሪክ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ቅዳሜ የመነሻ ቦታ በሚወሰንበት ማጣሪያ ያለቀውን ነገር እሁድ ለምን ያሳዩናል?

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። መኪናው ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ስፋትና ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት ይዞ ጠባቡ የሞናኮ መንገድ ላይ ማን ማንን ያልፋል? ሰፊ መንገድ ላይም ቢሆን የፊተኛው አየሩን ይበጠብጠዋል፤ የኋለኛው ሲጠጋ መሬት የሚያስይዘውን ኃይል ያጣል፣ ጎማው ይግላል፣ ስለዚህ ራቅ ብሎ መከተልን ይመርጣል። ደግሞ አንድ ቡድን ምርጡን መኪና ከሠራ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። በ2023 ሬድ ቡል ከ22 ውድድር 21ዱን፣ አሽከርካሪው ማክስ ቨርስታፐን ብቻውን 19ኙን አሸነፈ። ችሎታውን አልክድም፤ ግን ማን እንደሚያሸንፍ እያወቅሁ ሁለት ሰዓት ልቀመጥ?

ቀረጻውም ያው ነው። ካሜራው ከሩቅ እያቀረበ መኪናውን እኩል ስለሚከተለው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበረው የቆመ ይመስላል። ትግል ሲኖር ደግሞ የታዋቂ ሰው ፊት ያሳዩናል፤ በ2025 ከሲንጋፖሩ ውድድር በኋላ አሽከርካሪው ካርሎስ ሳይንዝ ራሱ በዚህ አማርሯል።

በዚያው ዓመት ሞናኮን ለማዳን ሁለት ጊዜ ጎማ መቀየር ግዴታ ሆነ። ሬሲንግ ቡልስና ዊሊያምስ የተባሉት ቡድኖች ምን ዘየዱ? አንዱን አሽከርካሪያቸውን ሆን ብለው እያዘገሙ የኋላውን ሰልፍ አገቱ፤ ባልደረባው ጎማ ቀይሮ ቦታውን ሳያጣ እንዲመለስ። ከኋላ የታገተው አሽከርካሪ ጆርጅ ራስል ትዕግሥቱ አልቆ መታጠፊያውን አቋርጦ አለፈ፤ ቅጣቱንም ተቀበለ። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።