ሚዜው ምን ነካው?

አገሩ ሁሉ በ«እከክልኝ ልከክልህ» ቤት ሲሠራ እኔ ለራሴ ብቻ እያከክኩ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። ችፌ አለብኝ። ሐኪሞች ኤክዚማ ይሉታል። እናቴ ደግሞ «ያ ነገርህ» ትለዋለች። እንግዳ ባለበት «ያ ነገርህ ተነሣብህ እንዴ?» ስትለኝ እንግዳው ዛር ያለብኝ ይመስለዋል።

መዳፌን በላኝ ካልኩ ደግሞ «ብር ልታገኝ ነው!» ይሉኛል። እውነት ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጣና ዳር ሆቴል ነበረኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ጓደኛዬ ሚዜ ሁንልኝ አለኝ። ሚያዝያ! ፋሲካ አልፎ ሰርግ በሰርግ የሚሆንበት ወር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት ሲባል ብርድ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዘንባባው ራሱ ጥላ ይፈልጋል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን የልብ ጓደኛን «ቆዳዬ አልፈቀደም» ይሉታል? በእኛ አገር ከሰርግ የሚያስቀር ሰበብ ለቅሶ ብቻ ነው። እሱም የቅርብ ዘመድ ከሆነ።

ሱፍ ተከራየን። ሱፍ ይባል እንጂ ውስጡ የተሰፋችውን ጨርቅ ገልጬ ባነብ መቶ በመቶ ፖሊስተር ይላል። እውነተኛ ሱፍ ቢሆንም አይሻለኝም ነበር፤ ሱፍ እንደኔ ያለውን ቆዳ ይወጋል፣ ፖሊስተር ደግሞ ላብን አፍኖ ይይዛል። የሚገርመው ይህ የሚሆነው የት ነው? በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በተተከለበት፣ ጥጥ ሲፈተልና ሲሸመን በኖረበት ከተማ። ጥጡ አጠገባችን እያለ ፕላስቲክ ለብሰን እንሞሸራለን። ከእኔ በፊት ሱፉን ማን እንደለበሰው አላውቅም። ሽቶው ግን አብሮት መጥቷል።

በሰርጉ ጠዋት ሚዜ ነኝና በሚፋጅ ውሃ ታጠብኩ። ገላዬን በቃጫ ፈተግኩት። ሽታው ጎረቤት የሚደርስ ሳሙና ነበር። ልወጣ ስል የሙሽራው ወንድም አንገቴን ይዞ ሽቶ ነፋብኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በረሮ እንደሚገድል ሰው።

ከዚያ የሙሽሪት ቤት ደጃፍ ቆምን። ሴቶቹ በሩን ዘግተው ይዘፍናሉ። እኛ ፀሐይ ላይ ነን። ላቡ ከአንገቴ ወደ ጀርባዬ መውረድ ጀመረ። ቀለበቱ እኔ ኪስ ነው፤ በየደቂቃው እዳስሰዋለሁ። ቀለበቱን ስዳስስ ጭንቅ ይለኛል፣ ሲጨንቀኝ ያሳክከኛል። አንገቴ ቀላ። ክርኔ ውስጥ እሳት ገባ። ሐይቁ ዳር ፎቶ ስንነሣ ካሜራማኑ «ሚዜዎች፣ ፈታ በሉ!» ይላል። ምን እፈታለሁ? መፍታት የምፈልገው ከረባቱን ነበር።

አዳራሽ ስንገባ ነገሩ ትከሻዎቼ መሀል ደረሰ። ያቺን ቦታ ታውቋታላችሁ፤ ከላይም ከታችም እጅ የማይደርስባት። ኮቱን እንዳላወልቅ ሸሚዜ ላይ ላቡ የጣናን ካርታ ስሏል፣ ደሴቶቹ ሳይቀሩ። አንገቴን ባክ ደግሞ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አዩኝ። ወንበራቸውን ቀስ አድርገው ጎተቱ። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ሙዚቃው እየጮኸ ይህን እንዴት አስረዳለሁ?

በዚህ መሀል የጎጃም ዘፈን ተነሣ፤ ተነሣሁ። ትከሻዬን አንድ ጊዜ ሰበቅ ባደርገው የኮቱ ገበር ያቺን ቦታ ፈተግ አደረገልኝ። እፎይ! ደገምኩት። ሠለስኩት። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ትከሻዬ ራሱን ችሎ ሄደ። አንዲት እናት እልል አሉ። ክብ ተሠራልኝ። ያ «ፈታ በሉ» ባይ ካሜራማን ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ይቀርጸኝ ጀመር። ወንበር የጎተቱት ሴትዮ «የማነው ልጅ? ደም ነው እኮ ይሄ!» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጋሼ መጥተው መቶ ብር ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ። ላብ ስለነበር ወዲያው ያዘ።

መዳፌን የበላኝ ለካ ለዚህ ነው።

ማከክ ግን የአራጣ ብድር ነው። ቆዳው ሲታከክ ይቆስላል፣ ሲቆስል ይብስ ያሳክካል። ያን ሌሊት ሳላውቀው በእንቅልፌ ስፋቅ አደርኩ። ጠዋት አንሶላዬ ላይ የደም ነጠብጣብ ነበር።

እናቴ ቡና አፈላች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እጣኑ ሲጨስ እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ የሕክምና ቦርድ ሆነልኝ። አንዷ «ሎሚ እሽበት» አለች። ሎሚውን በልጅነቴ ሞክሬዋለሁ፤ ጩኸቴ አባይ ማዶ ተሰምቷል። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት አዘዘች። የተላጠ ቆዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት! ጥብስ ነኝ እንዴ? አንደኛው ጣና ገብተህ ተዘፈዘፍ አለ። ቢልሃርዝያስ? እሱም ሌላ ማሳከክ ይዞ ይመጣል። እትዬ ደግሞ ከመቀነታቸው ግማሽ የቀረ የቅባት ቲዩብ አወጡ። «ለልጄ ፊት የገዛሁት ነው፣ ያቀላል» አሉ። ሁሉም በአንድ ድምፅ የተስማሙት ዓሣ እንዳልበላ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጬ!

ከሰዓት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

«በምን ትታጠባለህ?»

«በሙቅ ውሃ።»

«ምን ያህል ሙቅ?»

«መስተዋቱ እስኪጠፋ።»

«ከዚያስ?»

«በቃጫ እፈትገዋለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ገላህን ነው የምታጥበው ድስት?»

ሳስበው ቆዳዬ ማሰሪያው እንደላላ የደንገል ታንኳ ነው። የራሱን ውሃ መያዝ አይችልም፤ ሳሙናው፣ ሽቶው፣ አቧራው ግን እንደልቡ ይገባበታል። ሙቅ ውሃና ቃጫ ደግሞ የቀረውን ማሰሪያ ይፈታሉ። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ፣ ከአሥር ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ታጠብ አለችኝ። በፎጣ አትሸው፣ መታ መታ አድርገው። ቆዳው እርጥበት እንዳለው፣ ደቂቃዎች ሳያልፉ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ተቀባ። ይኼው ነው። እኔ ስሙ የማይነበብ መድኃኒት ጠብቄ ነበር።

የእትዬን ቲዩብ አሳየኋት። አገላብጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ለችፌ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ እሷም ለስለስ ያለውን ለተወሰነ ቀን ጽፋልኛለች። ይህን ግን ያለ ሐኪም፣ ያውም ፊት ላይ፣ ለወራት ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል። «ይህችን ልጅ ዛሬውኑ አምጡልኝ» አለች። ማታ ለእትዬ ስነግራቸው ቲዩቡን ከእጄ ነጥቀው ገቡ፤ ማቅላቱን ነው የምቀኛቸው መስሏቸዋል። በማግሥቱ ግን ልጅቷን ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ።

«ዓሣስ?» አልኩ በመጨረሻ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በልተህ ብሶብህ ያውቃል?»

«በፍጹም።»

«እንግዲያው ብላ።»

ጥፍሬን ቆረጥኩ። የኪራይ ልብስ ሳይታጠብና በደንብ ሳይለቀለቅ እንዳልለብስ ማልኩ። ከሐኪሟ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ግን ዓሣ ቤት ነው። በግንባሬ ብር።

መልሱ ማክሰኞ ነበር። ከውስጥ የጥጥ ሸሚዝ፣ ከላይ ነጠላ ለብሼ፣ በቫዝሊን ወዝቼ ሄድኩ። ገና ከበር ስገባ ወንበር የጎተቱት ሴትዮ አዩኝ። ለካ የሙሽሪት አክስት ናቸው። እጄን ይዘው መሀል አዳራሽ አቆሙኝ። ዘፋኙን በምልክት አዘዙት።

«በል የኔ ጌታ፣ ያችን የትከሻህን ነገር ድገምልን!»

ትከሻዬን ሰበቅ አደረግሁ። ምንም የለም። እንደገና ሞከርኩ። ካሜራማኑ ተንበርክኮ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው፤ «ዛሬ ተቀብቻለሁ።»