ድካሙ የፕሮግራም ጉዳይ አይደለም
«ወጣት ሠራተኛ ሴቶች የሚደክማቸው ጊዜያቸውን በፕሮግራም ስለማይከፋፍሉ ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። እኔ ፕሮግራም አለኝ፤ ስልኬም በየሰዓቱ ይጮኻል። ትናንት ሪፖርቴን ጨርሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል አለቃዬ «አንዴ ይቺን ብቻ እይልኝ» አለኝ። «ይቺ» የተባለችው 11 ገጽ ሆና አረፈችው! ስጨርስ መሽቷል። ከዚያ ቁልፌን በእጄ ጨብጬ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ሰው ኮቴ እያዳመጥኩ ወደ ቤት። ይሄ በየትኛው ፕሮግራም ውስጥ ይገባል? «መንገድ ላይ የሚያጋጥም ነገር ከሥራ ጋር ምን አገናኘው?» ያልከው ወንድሜ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ወደ ሥራ ሲኬድም ሆነ ከሥራ ሲመለሱ የሚደርስን ጥቃትና ትንኮሳ ይጨምራል። አገናኘው እንግዲህ። ምሬት ብቻ እንዳይመስልባችሁ ደግሞ፣ የመጀመሪያ ደመወዜ የገባ ቀን የባንኩን መልእክት አራት ጊዜ ከፍቼ አንብቤዋለሁ። አሁንም ወር በመጣ ቁጥር ያው ነኝ፤ ሁለት ቀን ንግሥት፣ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ያዥ።