ክብር ለግማሽ ሃይላንድ

ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ጎኔ ያሉት ወጣቶች ስልክ እየተቀባበሉ ቪዲዮ ያያሉ። ድምፁን እስከ ጥግ ለቀውታል፤ ካፌው በሙሉ ተጋብዟል ማለት ነው። ቅዳሜ ያደሩበት ጫካ ነው። ድንኳን አለ፣ ስፒከር አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ ከድንኳኑ የሚረዝም እሳት ይነዳል። ወሩ መጋቢት ነው። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። ከየግንዱ የተላጠው ልጥ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። መሬቱ አይታይም፤ ደረቅ ቅጠል ለብሷል።

ይኼን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ማለዳ በመስቀል አደባባይ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። 12 ሰዓት ላይ ኮስተሩ ተደርድሮ፣ ቲሸርት እየታደለ፣ «አንድ ሰው ቀርቶናል፣ ደውሉለት!» እየተባለ። ማስታወቂያውም ቴሌግራም ላይ አያመልጣችሁም። «ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ፎቶ፣ ካምፕ ፋየር፤ ሁሉም በዋጋው ውስጥ።» ከዚህ መሃል «የማጥፊያ ውሃ» የሚል መስመር ያገኘ ለእኔም ያስተላልፍልኝ።

ልቤን የነካው ግን የቪዲዮው መጨረሻ ነው። ነግቷል። ዕቃ ተጭኗል። ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል። አንድ ጎበዝ ወደ እሳቱ ጠጋ ይላል። እጁ ላይ ሃይላንድ አለ፤ ትንሿ፣ የግማሽ ሊትሯ። እኩሌታዋን ጠጥቷታል። የቀረችውን፣ ጠበል እንደሚረጭ ቄስ፣ ዙሪያውን እየዞረ አርከፈከፋት። አመዱ «ጭሽሽ» አለ። ነጭ ጭስ ተነሳ። ጭብጨባ! «ጠፍቷል፣ ግቡ!»

እንዲህ ያለ ዜጋ ዝም ተብሎ ይታለፋል? በፍጹም። እኔ ሐውልት ይገባዋል ባይ ነኝ።

እስቲ ረጋ ብላችሁ አስሉት። ግማሽ ሃይላንድ 250 ሚሊ ሊትር ነው። ሦስት ስኒ ቡና ገደማ። ሌሊቱን ሙሉ ግንድ ሲበላ ያደረን እሳት በሦስት ስኒ ውሃ ድል መንሳት ቀልድ ነው እንዴ? ይኼ ዕውቀት ባለመኖሩ አገራችን ስንት ተንገላታች። በ1992 ዓ.ም. በጋ የባሌና የቦረና ደን ሲነድ፣ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አመድ ሆነ። ወራት ፈጀ። ገበሬው ዘመተ፣ ወታደሩ ዘመተ፣ ተማሪው ዘመተ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካ ባለሙያ መጣ። ምን ነበር ያ ሁሉ ግርግር? አንድ ኮስተር ወጣት ግማሽ ግማሽ ሃይላንድ አስይዞ መላክ እየተቻለ! በ2011 ሰሜን ተራሮች ላይ የአስታ ዛፉና የጓሳ ሣሩ ሲቃጠል ደግሞ ከእስራኤል ድረስ እሳት አጥፊ ተጠራ። ባለሙያው እዚሁ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣ! (እነዚያን እሳቶች ማን ለኮሳቸው የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው። እኔ የያዝኩት የማጥፋቱን ነገር ነው።)

ሙያው በአንድ ሰው እጅ ቀርቶ መና መሆን የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን። አንደኛ ዓመት ላይ ውሃውን እስከ እኩሌታው መጠጣት። ይኼ ቀላል ይመስላል፤ ግን ረስቶ ጨርሶ የሚጠጣ ተማሪ ስለሚኖር ብዙዎች እዚሁ ይወድቃሉ። ሁለተኛ ዓመት ማርከፍከፍ፣ ከነተግባር ልምምዱ። ሦስተኛ ዓመት ጭሱን አይቶ «ጠፍቷል» ማለት፤ ድምፁ እርግጠኛ መሆን አለበት፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ውጤት ያስቀንሳል። አራተኛ ዓመት ላይ ከባዱ ኮርስ ይመጣል። ወደ ኋላ ሳያዩ ኮስተር መግባት። የመመረቂያው ቀን ቆብ ሳይሆን የሃይላንድ ክዳን ወደ ላይ ይወረወራል። ከዚያ በኋላ የእሳት አደጋ መኪናዎቻችንን በሐራጅ እንሸጣለን። ያን ሁሉ ሺህ ሊትር ውሃ ተሸክሞ ከተማ ለከተማ መንከራተት ምን ያደርጋል? ምሩቃኑን ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ እንልካለን። እዚያ ያሉት ምስኪኖች ዛሬም በአውሮፕላን ውሃ ይደፋሉ። ኤምባሲው «ሙያህ ምንድን ነው?» ሲል ልጁ ከኪሱ ግማሿን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል። ቪዛው ወዲያው ነው።

«እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፤ ወደ ወደድከው እጅህን ስደድ» ተብሎ የለ? ልጁ እሳትም ውሃም ቀርቦለት እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

እርግጥ ይኼ ጥበብ ያልገባቸው ፋራዎች አሉ። በየጉዞው አንድ አይጠፋም። ከኮስተሩ ጣሪያ ላይ ቢጫ ጀሪካን ያወርዳል። ሰው ይስቅበታል። እሳት ከመለኮሱ በፊት ቅጠሉን እየጠረገ ባዶ አፈር እስኪያይ ይደክማል። «ትንሽ ይበቃናል» ይላል፣ የሰው ሙድ ያበላሻል። ጠዋት ደግሞ አይን ያወጣ ነገር ያደርጋል። ውሃ ይደፋል። በእንጨት ያማስላል። ከስር ቀይ ፍም ብቅ ሲል «አያችሁ!» ይላል፣ ይደፋል፣ እንደገና ያማስላል። ጭሽታው ሲቆም እንኳ አያምንም። ተንበርክኮ የእጁን ጀርባ ወደ አመዱ ያስጠጋል። ሙቀት ካለ እንደገና ወደ ጀሪካኑ። ኮስተሩ ሙሉ ሰው አንድን አመድ ቀዝቅዞልኛል እስኪል ይጠብቀዋል! ከእሱ የባሰው ፋራ ደግሞ ነፋሱን አይቶ «ዛሬስ ጭራሽ አንለኩስ» የሚለው ነው። እሱን በሚቀጥለው ጉዞ ማንም አይጠራውም።

ከሃይላንዱ ጀግና ቀጥሎ የማደንቀው ቀባሪውን ነው። እሱ ውሃ አያባክንም። በጫማው አፈር ገፋ ገፋ አድርጎ እሳቱን ያለብሰዋል። ችግሩ ሟቹ አልሞተም። ረመጥ አፈር ሲለብስ ይሞቀዋል እንጂ አይጠፋም። ከስር ደረቅ ሥር ካገኘ እሱን እየበላ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሳልስቱ ሳይወጣ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። ቀባሪው ግን ያኔ ፒያሳ ነው። ለቅሶ መድረስ የእሱ ሥራ አይደለም።

የቡናዎቹንም አልረሳም። ጫካ ድረስ ረከቦት ተሸክመው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ሦስተኛውን ጠጥተው ሲያበቁ ምድጃውን አንስተው ጽድ ሥር ይደፉታል። «አመድ ለዛፍ ማዳበሪያ ነው» ይሉሃል። አመዱስ ይሁን፤ መሃሉ ላይ ያለው ፍምስ? ከመኪና መስኮት ሲጋራ ቁራጩን በጣቱ አስፈንጥሮ ወደ እንጦጦ የሚያቀናውን ደግሞ አልፈዋለሁ። እሱን ማድነቅ አቅሜ አይፈቅድም።

እንጦጦን ካነሳን፣ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው። ያወጣውም እንደ ጉድ ስለሚነድ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው። ከእንጦጦ ጀርባዋ እስኪጎብጥ ቅጠል ተሸክማ ሽሮ ሜዳ የምትወርደውን እናት ጠይቋት። ቅጠሉን እንጀራ ጋጋሪ የሚገዛት ለምን ይመስላችኋል? ጭብጥ ብትማግደው ቦግ ይላል። የተላጠው ልጥ ደግሞ እሳት ከያዘው ነፋስ አንጠልጥሎት ርቆ ይሄዳል። ይኼን እሷ ታውቃለች። የሁለት ዲግሪ ባለቤቱ ካምፐር አያውቅም።

ታዲያ ሲቃጠል ጥፋተኛው ዝግጁ ነው። «ማር ቆራጭ ነው ያቃጠለው።» «ከሰል አክሳይ ነው።» «እረኛ ነው።» አዎ፣ እነሱም ያቃጥላሉ፣ ብዙ አቃጥለዋል። ግን ማር ቆራጩ ለማር ነው፣ አክሳዩ ለዳቦ ነው። አንተ ለምንድን ነው? ለአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ! የተውከውን እሳት የሚያጠፋው ማን መሰለህ? አንተ ካዛንቺስ ገብተህ ገላህን ስትታጠብ፣ እዚያ ያለው ገበሬ እርጥብ ቅጠል ቆርጦ እሳት ይመታል። ውሃ የለውም። ጓንት የለውም። ኮንጎ ጫማው እግሩ ላይ እየቀለጠ ነው። ልጁ፣ ሚስቱ፣ ጎረቤቱ አብረውት ናቸው። በአንተ ምክንያት! ስምህን እንኳ አያውቅም፤ ቢያውቅ በረገመህ። ጽዱ መቶ ዓመት የቆመ ነው። አንድ ሌሊት ነው የፈጀብህ። ደን ላይ እሳት መልቀቅ በአዋጅ ከባድ እስራት እንደሚያስቀጣ ታውቃለህ? አታውቅም። አስተባባሪህም አልነገረህም፤ እሱ የነገረህ ቲሸርቱ ስንት እንደሆነ ነው።

እሺ። ወደ ውዳሴያችን።

ጀግናችን ደን የሚጠላ እንዳይመስላችሁ። ፕሮፋሉን ወደ ታች ሳቡት። ሐምሌ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ችግኝ ይተክላል። እጁ ላይ አፈር፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ፣ ከፎቶው ሥር «ለትውልድ» የሚል ጽሑፍ። መጋቢት ላይ ያው ሰው፣ ያው ፈገግታ፣ ከኋላው ነበልባል። እንዲህ ነው ሚዛን መጠበቅ። ችግኟ ስንት ዓመት ብትደክም ነው የመናገሻ ሱባን ጽድና ዝግባ የምታህለው? ያ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ወፍ ዋሻ ከሚባለው የሸዋ ደን ዘር መጥቶ ተተከለ ይባላል። ንጉሡ ፎቶ አልተነሱበትም። ለዚህ ይሆናል ማንም የማይጨነቅለት።

«እሳት ባህላችን ነው» የሚለኝም አለ። ልክ ነው፣ ጥሩ አድርገን እናውቀዋለን። ኅዳር 12 ሲታጠን ይችን ከተማ ያያት ምስክር ነው። ደመራውንም እንመልከት። መስከረም 16 ይበራል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ መሬቱ ጠጥቷል፣ ሣሩ ለምልሟል። የሚበራውም አደባባይ ላይ፣ ሜዳ ላይ ነው። እዚህ መስቀል አደባባይ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ ይጠብቃል። የእኛ ጀግኖች ይኼን ኋላ ቀር አሠራር አሻሻሉት። እሳቱን ከመስከረም ወደ መጋቢት አዛወሩት፣ ከሜዳ ወደ ጫካ አስገቡት፣ ዘበኛውን መኪናም አስቀሩት።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ ጉዞ አስተባባሪዎች አንዱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ያከብራል። ባለፈው ቤት መጥቶ ያዝኩት።

«ለመሆኑ እሳቱን ለምን አትተዉትም? ቢያንስ ዝናብ እስኪጥል።»

«እንዴ ጋሼ! እሳት ከሌለ ማን ይመዘገባል? ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ነው፣ ይንቀጠቀጣሉ።»

«ጋቢ ይዘው ይምጡ።»

ዝም አለ። አዘነልኝም፣ ሳቁንም ያዘ።

«ጋሼ፣ ጋቢ ለብሶ ማን ፖስት ያደርጋል?»

ተከራከርን። እናቴ ጋቢዋን ይዛ ስንት የገና ሌሊት ውጭ እንዳደረች ነገርኩት። ጋቢ ብልጭታ እንደማይረጭ፣ ነፋስ ቢወስደው እንኳ ጎረቤት ተራራ ላይ አርፎ ሌላ ጋቢ እንደማይወልድ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ሲወጣ ጉልበቴን ሳም አድርጎ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ፣ እንጠቀምበታለን» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

በማግስቱ የቅዳሜውን ማስታወቂያ ላከልኝ። እውነትም አዲስ መስመር ተጨምሯል። «ጋቢ በኪራይ እናቀርባለን፤ ብዛቱ ውስን ስለሆነ ቀድመው ይያዙ።» ከሱ በላይ ያለችው «ካምፕ ፋየር» እንዳለች ናት። ጎኗ ላይ ሦስት የነበልባል ምልክት ተጨምሮላታል።