ማኅተም ያለው እንጀራ

የሚመሰገን ሰው ሲገኝ ማመስገን ነው። ዛሬ የማመሰግነው ከጉግል ላይ ፎቶ እየለቀመ ከተማችንን ያስዋበውን ባለሙያ ነው። ታውቁታላችሁ። የጥርስ ሐኪም ቤቱ ባነር ላይም፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው በራፍ ላይም፣ ያቺኑ ሄድፎን ከነማይኩ ያጠለቀች ፈረንጅ የሰቀለልን እሱ ነው። ልጅቷ ከራስ መኰንን ድልድይ እስከ ለገሃር ያልተቀጠረችበት ቤት የለም። ጡረታዋን ማን እንደሚከፍል እንጃ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጥበቡን በዓይኔ በብረቱ አየሁት። የአክስቴ ልጅ ግንፍሌ አካባቢ እንጀራ መሸጥ ጀምራለች። ባነር እናሠራ ብላ አራት ኪሎ ይዛኝ ሄደች። ለናሙና እንዲሆን ትኩስ እንጀራ በፌስታል ይዛለች። ባለሙያው ፌስታሉን ገፋ አደረገና ጉግል ላይ "እንጀራ" ብሎ ጻፈ። አንዷን ምስል ጎትቶ አወረደ። መሐሏ ላይ የፎቶ ሻጩ ስም በሰያፍ ተጋድሟል።

"ይሄ ጽሑፍ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ማኅተሙ ነዋ ጋሼ! ኦሪጅናል ነው ማለት ነው።"

እውነቱን ነው። ማኅተም የሌለው ወረቀት በማይሠራበት አገር ማኅተም የሌለው እንጀራ ማን ይበላል? እኛ ግን አልገባንምና ይጥፋልን አልን። ያኔ ነው ጥበቡ የመጣው። ከአንዱ ጠርዝ ቀለም ይጨልፍና ፊደሎቹ ላይ ይለስናል። አንድ ፊደል ሲጠፋ ሃያ የእንጀራ ዓይን አብሮ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ለሰነ። ፊደሉ አለቀ፤ ዓይኑም አለቀ።

"ቂጣ አደረግከው እኮ!" አለች የአክስቴ ልጅ።

ገና ምን አይታ! የምስሏ ወርድ 300 ፒክስል፣ ማለትም 300 ነጥብ ነው። ባነሩ 3 ሜትር። ወጠራት። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ሆና ቁጭ አለች።

"አየሽ፣ ዓይኑ ተመለሰ" አላት።

ትኩሱ እንጀራ ከነዓይኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል። ሦስታችንም ካሜራ ያለው ስልክ ይዘናል። እኔም ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

አንስፕላሽ፣ ፔክስልስ፣ ፒክሳቤይ የሚባሉ የፎቶ ድረ ገጾች አሉ ብዬው ነበር። በነጻ ናቸው። ለንግድም ይፈቅዳሉ፤ የአንሺውን ስም ጻፉ ብለው እንኳ አያስገድዱም። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይማ እንጀራ የራሱ ምድብ አለው። እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የአንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት መጻፍ ነው። እዚያው ጉግል ላይም ምስሎችን በአጠቃቀም ፈቃዳቸው መለየት ይቻላል። ባለሙያው አዘነልኝ።

"ጋሼ፣ ነጻ ነገር እኮ ጥራት የለውም" አለኝ። ዓይን እያጠፋ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ለአንዲት የእንጦጦ ፎቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ፣ ብርድ ላይ ቆሞ ፀሐይ ጠብቋል። ያቺን ፎቶ በኋላ ካላንደር ላይ አገኛት። ጥግ ላይ የጻፈው ስሙ ተቆርጧል። ሲጠይቃቸው "ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘነው" አሉት። መንገድ ዳር የቆመ መኪናስ መንገድ ላይ የተገኘ ነው? የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ፎቶግራፍን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ቆጥሮታል። ልጁ ካሜራውን የገዛው በዱቤ ነው። ይሄ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ባነሩ ቅዳሜ ተሰቀለ። ከሩቅ ያብረቀርቃል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ መኪናውን አቁሞ ወረደ። አንጋጦ ትንሽ አየውና ወደ ውስጥ ገባ።

"እህት፣ ሴራሚኩ ካሬው ስንት ነው?"