ጣርማበርን የሚወርድ ሹፌርና የሐኪሙ ምስጢር

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ጣርማበር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር አልፏል። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ካለፈ በኋላ ደብረ ሲና ድረስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ነው። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ራስን ያስታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚጓዝ መኪና እንኳ በአንድ ደቂቃ ከ600 ሜትር በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ በሽታ ያለበት የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር «ዶክተር፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ፤ የልጆቼ እንጀራ ነው» ብሎ ቢለምን ሐኪሙ ምን ያድርግ?

እንግሊዝ አገር ለዚህ የታወቀ አካሄድ አለ። ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የማሳወቁ ግዴታ መጀመሪያ የታማሚው ነው። ሐኪሙ መሪ እንዳይዝ ይነግረዋል፤ መንገሩንም መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። እምቢ ካለ ደግሞ ይመክረዋል፣ ታማሚው ከፈቀደም ቤተሰቡን ያነጋግራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ማሽከርከሩን ካልተወ፣ «ላሳውቅ ነው» ብሎት ለመሥሪያ ቤቱ የሕክምና አማካሪ ይጽፋል፤ መጻፉንም ለራሱ ለታማሚው በደብዳቤ ይገልጽለታል። የቤት መኪና የሚነዳ ሰው ባብዛኛው 12 ወር ሳይጥለው ከቆየ ይመለሳል። አውቶቡስና ከባድ መኪና ለመንዳት ግን ያለ መድኃኒት 10 ዓመት ሳይጥለው መቆየት አለበት።

ካሊፎርኒያ ጠበቅ ትላለች፤ ዕድሜው 14 የሞላውን እንዲህ ያለ ታማሚ ሁሉ ሐኪሙ በ7 ቀን ውስጥ ለአካባቢው የጤና ኃላፊ ማሳወቅ አለበት። ለእኛ ይህኛው የሚበጅ አይመስለኝም። እንደሚነገርበት ያወቀ ሹፌር ሕመሙን ይደብቃል፣ የደበቀም መድኃኒት ሳይጀምር መሪ ላይ ይቀመጣል።

በእኛ አገር ሕጉ አልጠፋም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣን ይቀጣል፤ አንቀጽ 400 ደግሞ የምስጢሩ ባለቤት ሲፈቅድ፣ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ወይም ፍርድ ቤት ሲወስን በር ይከፍታል። የሚያሳዝነው ምስጢሩ የሚወጣው በዚህ በር አለመሆኑ ነው። ኮሪደር ላይ ስም ከነሕመሙ ይጠራል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ታማሚ ይታያል፣ አስታማሚው ካርዱን ገልጦ ያነባል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ እስከ ማታ ገበያ ይደርሳል። መንጃ ፈቃድ የሚያድሰው ክፍል ግን ምንም አልሰማም።

ስለዚህ ሥራው ከምርመራ ክፍሉ ይጀምር። በሩን ዘግቶ፣ አስታማሚውን አስወጥቶ መጠየቅ፦ መጨረሻ የጣለህ መቼ ነው? የመድኃኒት ሰዓት ታሳልፋለህ? ሌሊት ትነዳለህ? ጫትና አረቄስ? ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስድ አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል፤ ፌኖባርቢታልን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው) በድንገት ማቋረጥ ሳይነቁ የሚደጋገም፣ ሕይወት የሚያጠፋ መጣል ሊያመጣ ይችላል። የተባለውን ሁሉ ከነቀኑ መጻፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእንጀራ ጉዳይ ነው። ረዳትነት አይሆንም፤ በር ላይ መንጠልጠል ለራሱም አደጋ ነው። የባለንብረቶች ማኅበራት መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ቆራጭነት ወይም ስምሪት ቢሰጡት ምክሩን ለመቀበል ምክንያት ያገኛል። ይህ ከሌለ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጽፍ፣ ሹፌሩ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዶ በሌላ ስም ካርድ ያወጣል።